ድምፁን ለመጨመር አትቸኩሉ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ያህል ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጹ ድምፆችን በሚያዋህደው መሣሪያ፣ በሚክሰር ፊት ተቀምጫለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ ባንዶች የመጀመሪያ አልበማቸውን ይዘውልኝ መጥተዋል። እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣው ግን ፖስት ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ የሚሠራ፣ ዘፋኝ ያልነበረው አንድ ባንድ ነው። አራት ወጣቶች፣ ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝና ድራም። በቃ።

የመጀመሪያው ትራክ በአንድ ጊታር ይጀምራል፤ እንደ ሹክሹክታ ነው። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ምንም አይጨመርበትም። እኔ ፈራሁ። ሰው ይሄን ትንሽ ሰምቶ ያልፈዋል ብዬ ኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም በዝቅታና በከፍታ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠበውን መሣሪያ፣ ጠበቅ አደረግሁ፤ ለስለስ ያለውን ክፍል ወደ ላይ አወጣሁት። ልጆቹ እኔን አምነው ዝም አሉ። አልበሙም ወጣ።

ከዓመት በኋላ ቁጭ ብዬ ስሰማው ጥፋቴ ገባኝ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ድራሙ ሲገባ ምንም አልተሰማኝም። ደረት መምታት የነበረበት ድምፅ ከመግቢያዋ ጊታር ብዙም አይበልጥም። ሸለቆውን ስደለድል ተራራው ጠፋ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

እናንተም እንዲህ ያለ ሙዚቃ ስትሰሙ እኔ ያጠፋሁትን በገዛ እጃችሁ እንዳትደግሙት እፈራለሁ። ሙዚቃው ዝቅ ሲል ድምፅ ትጨምራላችሁ። ከፍ ሲል ትቀንሳላችሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንባችሁና «ይሄ ሙዚቃ ይደብራል» ትላላችሁ።

ፖስት ሮክ የሚለውን ስም ያስለመደው እንግሊዛዊው የሙዚቃ ሃያሲ ሳይመን ሬይኖልድስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994። የሮክ መሣሪያዎችን ይዞ ሮክ ያልሆነ ነገር መሥራት ማለቱ ነበር። ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ግን ዘፋኙ ሲወጣ ታሪኩን የሚነግረው ማን ነው? እነዚህ ባንዶች ሥራውን ለድምፁ መጠን ሰጡት። ዝቅታው፣ ጥበቃው፣ ቀስ እያለ የሚወጣው ከፍታ ነው ግጥሙ። ዲሌይ የሚባለው ፔዳል አንዷን ኖታ እየደጋገመ ይመልሳታል፤ ስለዚህ ሁለት ጊታር እንደ ስድስት ይሰማል። ጆሯችን ደግሞ ድምፅን የሚመዝነው ቀድሞ ከሰማው ጋር እያነጻጸረ ነው። ዝቅ ያለውን በትዕግሥት ያልሰማ ሰው፣ ከፍ ያለው ሲመጣ የሚያነጻጽርበት የለውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አልበሙን ከመጀመራችሁ በፊት በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጉና ለጆሯችሁ በሚመች ልክ ድምፁን አስተካክሉ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና እስከ መጨረሻው አትንኩት። መጀመሪያ ላይ ብዙ የማይሰማ ይመስላችኋል። ታገሡት። ጆሮ ራሱ ቀስ እያለ ይለምዳል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል ሲለካ 80 የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢሰማ ችግር እንደሌለው ይመክራል፤ 90 ሲደርስ ግን የሚፈቅደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። እባካችሁ ይህን ቀልድ አታድርጉት። በሥራዬ ጆሯቸው የተጎዳ ጎበዝ ሰዎች አይቻለሁ።

ስልካችሁ ላይ የትራኮችን ድምፅ እኩል የሚያደርገው ምርጫ ካለ አጥፉት። የትራኮቹን ቅደም ተከተል የሚያደበላልቀውንም እንዲሁ።

አሁን ስለ መጀመሪያ አልበም ልንገራችሁ። ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይ የሚባለው የኦስቲን፣ ቴክሳስ ባንድ የመጀመሪያ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው በ300 የሲዲ ቅጂ ብቻ ነው። ሰባት ትራክ አለው። ድምፁ በኋላ ከሠሯቸው ጋር ሲተያይ ሻካራ ነው፤ አንዳንድ ቦታ መንገድ የሚፈልግ ሰው ይመስላል። እኔ ግን ይሄ መፈለጉ ነው የሚማርከኝ። ከአራት ዓመት በኋላ ለሆሊውድ ፊልም ሙዚቃ የሠሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ ዘሩ እዚያች 300 ቅጂ ውስጥ አለ። የግላስጎው፣ ስኮትላንድ ባንድ ሞግዋይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን የዘጋው 16 ደቂቃ በሚፈጅ ሥራ ነው። ጥቂት ኮርዶች እየተመላለሱ፣ ድራሙ እየተንፈራገጠ፣ መሀል ላይ ፍሉት ብቅ እያለ። ገና የጀመረ ባንድ ያን ያህል ጊዜ እንድትሰጡት መጠየቁ ድፍረት ነው። ስጡት።

ስትጨርሱ «ምን ማለቱ ነው?» ብላችሁ ማብራሪያ ለማንበብ አትሩጡ። መጀመሪያ የተሰማችሁን በሁለት መስመር ጻፉ። የትኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሻችሁ እንደተለወጠ ጻፉ። ሌላው ሰው የጻፈው የትም አይሄድም፤ የእናንተ የመጀመሪያ ስሜት ግን ከሌላው ሐሳብ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ አይለይም።

ባለፈው ዓመት ከእነዚያ አራት ልጆች አንዱን አገኘሁት። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። የድሮውን ቀረጻ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦታል። ይቅርታ ጠየቅሁትና እንደገና ሚክስ ላድርገው አልኩት። ኮምፕሬሰሩን ሳልነካ ሠራሁት። አብረን ተቀምጠን ሰማነው። ጊታሯ ብቻዋን ሦስት ደቂቃ አዜመች። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ድራሙ ገባ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ካለቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም።