በሌንሱ ጎን ያለችው ትንሿ መቀየሪያ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ፎቶ አንሺ ጻፈችልኝ። አሮጌ ባለ ሌፍ ሸተር ሌንስ ገዝታለች፤ በሌንሱ ጎን «ቪ»፣ «ኤክስ» እና «ኤም» በሚሉ ሦስት ፊደላት ላይ የምትንሸራተት ትንሽ መቀየሪያ አለች። «ጋሼ፣ ይህቺ ምንድን ናት? ብነካትስ ችግር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት መስመር መልስ ይበቃት ነበር። ያንን ለመጻፍ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳልጽፍ ቀረሁ።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሸተር ማለት ብርሃን ፊልሙን የሚነካበትን ጊዜ የሚወስነው በር ነው። ብዙ ካሜራዎች ብርሃኑን የሚቆርጡት ከፊልሙ ፊት በሚሮጥ መጋረጃ ነው። ሌፍ ሸተር ግን የሚኖረው በሌንሱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ስስ የብረት ቅጠሎች ከመሃል ወደ ዳር ይከፈቱና ተመልሰው ይዘጋሉ። መጋረጃው ፍጥነቱ ሲጨምር ፊልሙን በአንድ ጊዜ አይገልጠውም፤ በጠባብ ስንጥቅ እየጠረገ ያልፋል፤ በዚያ ቅጽበት ፍላሽ ቢበራ የሚደርሰው ለፎቶው ከፊል ብቻ ነው። ሚዲየም ፎርማት የሚባለው ፊልም ከተለመደው 35 ሚሊሜትር ፊልም ሰፊ ስለሆነ ደግሞ የመጋረጃው መንገድ ይረዝማል። በዚህ ሰፊ ፊልም በሚሠራው በፔንታክስ 67 ካሜራ መጋረጃ ፍላሽ መጠቀም የሚቻለው በ1/30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በዘገየ ፍጥነት ነው። ቅጠሎቹ ግን በየትኛውም ፍጥነት ቢሆን ለአፍታ ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ። የስዊድኑ ካሜራ ሠሪ ሃሰልብላድ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ካሜራ ባለ መጋረጃ ነበር፤ በ1957 በወጣው 500ሲ ግን ሸተሩ ወደ ሌንሱ ገባ፤ ፍላሽም እስከ 1/500 ድረስ ከሸተሩ ጋር መሄድ ቻለ።

ከ1/30 እስከ 1/500 አራት ስቶፕ ነው፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። የሸተር ፍጥነት የፀሐይን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ የፍላሹን አይነካውም። ስለዚህ በቀትር ቆማችሁ ፀሐይዋን ወደ አሥራ ስድስተኛዋ አውርዳችሁ ፍላሹን እንዳለ ማስቀረት ትችላላችሁ። ለእነዚህ ሌንሶች ገንዘብ የምታወጡበት ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ካሜራውን አያንቀጠቅጥም የሚባለው፣ ምርቃት ነው።

ይህን ሁሉ በሃያ ሁለት ዓመቴ አውቀው ነበር። ችግሬም እሱ ነበር።

በአንድ ስቱዲዮ ረዳት ነበርኩ። አለቃዬ ስለታመመ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተላክሁ። አሥራ አንድ የቤተሰብ አባላት በግቢያቸው ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል፤ የበኩር ልጁ በማግስቱ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው። እናትየው ፎቶ መነሣት አይወዱም ነበር። ልጃቸው ለምኗቸው፣ ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አስተካክለው፣ ከመሃል ቆሙ።

ፀሐይዋ ከጀርባቸው ነበረች፣ ፊታቸው ጥላ ውስጥ። ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ባደርጋቸው ያለ ምንም ፍላሽ ደህና ፎቶ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ሰማዩን አጥቁሬ ፊታቸውን በፍላሽ ላወጣ ፈለግሁ። የብርሃን ስሜቱ 100 የሆነ ፊልም፣ ፍጥነት 1/500፣ ዲያፍራም (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 11። ያቺን መቀየሪያ ያን ቀን ጠዋት አይቻት ነበር። «ኤም» ማለት «ማኑዋል» መሰለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ባለሙያ ማኑዋል ነው የሚጠቀመው ብዬ በገዛ አውራ ጣቴ ገፋኋት።

አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣሁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ፍላሹ በራ። ትንንሾቹ ልጆች ዓይናቸውን እያሹ ይስቁ ነበር። በእንዲህ ያለ ካሜራ ፎቶው በሚነሣበት ቅጽበት መስታወቱ ስለሚነሣ መመልከቻው ይጨልማል፤ ስለዚህ እኔ ያየሁት ነገር የለም። ፍላሹ መብራቱን ከሳቃቸው አወቅሁ፤ በቂ መሰለኝ።

ፊልም የሚያጥብልን በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር። ጨለማ ክፍል ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በጨለማ የሚያበራው የሰዓቱ ቀስት ፊልም ያበላሻል ይል ነበር። ሰከንዶቹን በአፉ ይቆጥራል። ከውጭ ሆናችሁ ስትሰሙት የሚጸልይ ይመስላችኋል። ስንት ዓመት እንደቆጠረ አልጠየቅሁትም፤ ያኔ ምን ጠይቄ አውቃለሁ?

እርጥቡን ፊልም ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየውና «ሰማዩ አለ። ዛፉ አለ። ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ።

ፊታቸው መሆን ያለበት ቦታ ላይ ኔጋቲቩ እንደ መስኮት መስታወት ጠርቷል፤ ብርሃን አልደረሰውም። ሌንሱን አምጣ አለኝ። መቀየሪያዋን በጥፍሩ ነካ አድርጎ አስረዳኝ። «ኤም» አንድ ጊዜ በርቶ ለሚጣለው የድሮ የአምፖል ፍላሽ የተሠራች ናት። አምፖሉ ተቀጣጥሎ ሙሉ ብርሃኑ ላይ ለመድረስ ወደ 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ሸተሩ አምፖሉን ቀድሞ ይለኩስና ብርሃኑ እስኪደምቅ ጠብቆ ይከፈታል። የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ግን አይጠብቅም፤ ገና ሲታዘዝ በርቶ ይጠፋል። «ያንተ ፍላሽ በሩ ሳይከፈት መጥቶ ሄዷል» አለኝ። ከዚያ ለኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ወደ ተሠራችው «ኤክስ» መልሷት ሌንሱን በእጄ አስያዘኝ። አልተቆጣም።

በሦስተኛው ቀን እናትየው ከአንዲት ልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ሄዷል። ፊት ለፊቴ ቆመው «ደረሰ ወይ?» ሲሉኝ «ፊልሙ እጥበት ላይ ተበላሸ» አልኩ። ሰውዬው ያን ጊዜ እጁን እየጠረገ ከጨለማው ክፍል እየወጣ ነበር። ሰምቶኛል። አየኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አለ።

እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ። ያጽናኑት እኔን ነበር።

ከሰውዬው ጋር ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። አንድም ቀን አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁም። ዛሬ በሕይወት የለም።

የዛሬ ወጣቶች ስሜቴን የሚነኩኝ በአንድ ነገር ነው፤ ካሜራውን ፎቶ ታነሣላችሁ። ሌንሱ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ ከጎኑ ፊልም፣ ከጎኑ የፀሐይ መነጽር። ቅጠሎቹ ውስጥ ዘይት ደርቆ 1 ሰከንዱ 2 ሰከንድ እየሆነ መሆኑን ግን አታውቁም፤ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ባዶውን አታሠሩትም። ይሁን እንጂ ትጠይቃላችሁ። «ኤም ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አታፍሩም። በእኔ ዘመን ያፈርነው በዚህ ነበር፤ ስለዚህ ስለ ካሜራው ያልኩትን ግማሹን መልሼ ወስጃለሁ።

ብርሃን ስለ መለካት አልነግራችሁም፤ የትም ታገኙታላችሁ። ከሥራ በፊት ሁሉንም ዕቃ እየፈተኑ መሄድም አልወድም፤ ልብን ያደርቃል። እኔ ራሴ ግን ከዚያ ወዲህ የፊልሙን ማኅደር ፈትቼ፣ ፍላሹን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሬ፣ ዲያፍራሙን ከፍቼ፣ በ1/500 እየተኮስሁ ከኋላ በሌንሱ ውስጥ ሳላይ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሙሉ ክብ ሆኖ ቦግ ካለ ደህና ነው። የኮከብ ቅርጽ ካያችሁ ቅጠሎቹ ገና ሳይከፈቱ ወይም መዘጋት ጀምረው ነው የበራው። ምንም ካላያችሁ ታሪኩን ነግሬአችኋለሁ።

አንድ ሌላም አለ። በ500ሲ ዓይነቶቹ ላይ ከሌንሱ ሸተር ሌላ ከፊልሙ ፊት የሚከፈት ሁለተኛ መከለያ አለ፤ እሱን ከፍቶ የሚይዘው ጣታችሁ ነው። በዘገየ ፍጥነት ስትሠሩ የሌንሱ ማርሽ ሲያንዘረዝር ቆይቶ ጠቅ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ ጣታችሁን አታንሡ። ቀድማችሁ ካነሣችሁ መከለያው ይዘጋና ፎቶው ከታሰበው በታች ብርሃን ያገኛል። ይህንንም ያስተማረኝ ያው ሰው ነው።

አንቺ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። «ኤክስ» ላይ አድርጊያት፤ በቀጭን ጥቁር ፕላስተርም እሰሪያት። «ቪ» ራስን ማንሻ ናት፤ በአሮጌ ሌንስ ላይ መሃል መንገድ ተነክሳ ሸተሩን ይዛ ልትቀር ስለምትችል አትንኪያት። የእኔ ሌንስ ላይ ያለውን ፕላስተር ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፤ ሙጫው በሙቀት ይቀልጣል።