ሻንሲው ሌላ፣ ወረቀቱ ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ ባጃጅ ገዝቼ ሰሌዳ ላወጣ ፋይል ሳስገባ፣ ሻንሲው (የባጃጁ የብረት አካል) ላይ የተመታው ቁጥርና ዲክላራሲዮኑ (ጉምሩክ ያወጣው የዕቃ መግቢያ ሰነድ) አልገጠሙም። ከመጨረሻ ሦስተኛው ቦታ ላይ ባጃጁ 5 ይላል፣ ወረቀቱ «ኤስ»። ሻጩ «እዚያው ቢሮ ያስተካክሉልሃል» ይለኛል፤ ቢሮው ደግሞ «እኛን አይመለከትም» ብሎ መለሰኝ። ማንን ልስማ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ቢሮውን ይስሙ። የትራንስፖርት ቢሮ ከጉምሩክ የመጣውን ሰነድ ይመዘግባል እንጂ በላዩ ላይ እስክሪብቶ አያሳርፍበትም። ስሕተት የሚታረመው በተሠራበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ግን የተሳሳተው ወረቀቱ መሆኑን ያረጋግጡ። በዓለም አቀፉ አሠራር የሻንሲ ቁጥር 17 ቦታ አለው። ከላቲን ፊደላት «ኦ»፣ «አይ» እና «ኪው» አይገቡበትም፤ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ ሆን ተብሎ ተትተዋል። የመጨረሻዎቹ 4 ቦታዎች ደግሞ አሃዝ ብቻ ነው የሚይዙት። የእርስዎ «ኤስ» የወደቀችው ከእነዚህ 4 ቦታዎች በአንዱ ላይ ስለሆነ፣ ግድፈቱ የጸሐፊ ነው ብሎ ለመከራከር በቂ ምክንያት አለዎት። መሃል ላይ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር፤ እዚያ 5ም «ኤስ»ም፣ 8ም «ቢ»ም ሊሆን ይችላልና።

ቁጥሩን በእርሳስ ያንሱት። ጭቃውንና ቅባቱን በጨርቅ ይጥረጉ፣ ስስ ወረቀት ይለጥፉበት፣ እርሳሱን አጋድመው ቀስ ብለው ይሹት። በብረት ብሩሽ ወይም በመፈተጊያ እንዳይነኩት። የተፋቀ ቁጥር ያየ መርማሪ የሚያስበው ስለ ፊደል ግድፈት ሳይሆን ስለ ስርቆት ነው። «ፊደል መምቻ አለኝ፣ አሁኑኑ ልክ አደርገዋለሁ» የሚል ባለጋራዥ አይጠፋም፤ ከዚያ ሰው ይራቁ። ቁጥር መነካካት ወንጀል ነው፣ ትክክለኛውን ሻንሲም ለዘለዓለም ተጠርጣሪ ያደርገዋል።

ያነሱትን ይዘው ወደ ሻጩ፣ በእሱም በኩል ወደ አስመጪው ይሂዱ። ዲክላራሲዮኑ የወጣው በአስመጪው ስም ስለሆነ የእርማት ማመልከቻውን የሚያስገባው እሱ ነው። ከእሱ የሚፈልጉት ኢንቮይሱንና የዕቃ ዝርዝሩን ነው። እነዚህ ላይ ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ግድፈቱ የትራንዚተሩ (ሰነዱን በጉምሩክ ያስፈጸመው ወኪል) ነው፤ አስመጪው ሰነዶቹን አያይዞ ዲክላራሲዮኑ ለወጣበት የጉምሩክ ቅርንጫፍ፣ ቃሊቲም ይሁን ሞጆ፣ ያመለክታል። ኢንቮይሱም «ኤስ» ካለ ግን ከፋብሪካው የማስተካከያ ደብዳቤ መምጣት አለበት፤ ረጅሙ መንገድ ይኼኛው ነው። ለሻጩ የሚከፍሉት ቀሪ ገንዘብ ካለ፣ የታረመው ዲክላራሲዮን እጅዎ ሳይገባ አይጨርሱለት።

መድኑንም አይርሱ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚያስገድደውን የሦስተኛ ወገን መድን ከወረቀቱ ገልብጠው ገብተው ከሆነ፣ ፖሊሲውም የተሳሳተውን ቁጥር ይዟል። ዲክላራሲዮኑ እንደታረመ መድን ድርጅቱም እንዲያርም በጽሑፍ ይጠይቁ። የሞተር ቁጥሩንም በዚያው ያመሳክሩ፤ ሰው ሻንሲውን ሲያይ እሱን ይዘነጋዋል።

ጥያቄ፦ አይሱዙ የገዛሁት በውክልና ነው፤ ሻጩ ስሙን ራሴ እንዳዛውር ወክለውኝ ነበር። ስም ሳላዛውር ሻጩ አረፉ። ውክልናው አሁንም ይሠራልኛል? (ከቡራዩ)

መልስ፦ አይሠራም። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 የሚለው ይህንኑ ነው። «እስካሁን ማንም አላወቀም» ብሎ በሞተ ሰው ውክልና ስም ለማዛወር መሞከር ነገ ወራሾች የሚያፈርሱት ሥራ ነው።

ወሳኙ ጥያቄ ከውክልናው ሌላ የሽያጭ ውል አላችሁ ወይ የሚለው ነው። ውሉ ካለ ወራሾች የአውራሻቸውን ግዴታ ይወርሳሉ፤ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ስሙን ያዛውሩልዎታል፣ እምቢ ካሉም ውሉን ይዘው መክሰስ ይችላሉ። ከወራሾቹ አንዱ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ በእሱ በኩል የሚፈርመው ሞግዚቱ ነውና ይህን ከወዲሁ ይጠይቁ። ውክልና ብቻ ካለዎት ግን መኪናው በወረቀት አሁንም የሟች ነው፤ የባንክ ማስተላለፊያ፣ ደረሰኝ፣ ምስክር፣ ክፍያውን የሚያሳይ ነገር ሁሉ ይሰብስቡ።

ለሻጮችም አንድ ነገር፦ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) በስማችሁ ሳለ መኪናው ሰው ቢገጭ ተጎጂው በባለንብረትነት ሊከሳችሁ ይችላል። ስም እንዲዞር መወትወት ያለበት ገዢው ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቶዮታ ልገዛ ነው። ሻጩ «ባለቤቴ እንድትፈርም አያስፈልግም፣ ሊብሬው በእኔ ስም ነው» ይላሉ። (ከሰበታ)

መልስ፦ ሊብሬው በአንዱ ስም መሆኑ መኪናውን የግል ንብረት አያደርገውም። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ያልተስማማ ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ ይችላል። ባለቤታቸው ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ ወይም ውክልና ይስጡ። «ተፋተናል» ካሉ የፍቺ ውሳኔውንና የንብረት ክፍፍሉን፣ «አላገባሁም» ካሉ ከወረዳቸው የተሰጠ ያላገባ ማስረጃ ያሳዩዎት፤ ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።

የሻጩ መታወቂያ «ሰበታ ከተማ» ብሎ፣ አዲሱ ሰነዳቸው ደግሞ «ሸገር ከተማ» የሚል ከሆነ አይደንግጡ። አድራሻው የተቀየረው በአስተዳደር ለውጥ ነው፤ ሰውየው ያው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳቸው ያስጽፉ። የአያት ስም ከሊብሬው ከተለየ ግን ይህ ደብዳቤ አይበቃም፤ እሱን ራሱን ችሎ ሳያስተካክሉ ወደ ውልና ማስረጃ አይሂዱ።