ጥያቄና መልስ፦ ዓለም በአጋጣሚ ተገኘ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ «ዓለም በአጋጣሚ ነው የተገኘው፣ ቢግ ባንግ (ጽንፈ ዓለሙ ከአንድ እጅግ ከታመቀ ነገር ተነሥቶ እየሰፋ መጣ የሚለው የሳይንስ ሐሳብ) ሁሉን ያስረዳል» እያለች ትሞግተኛለች። መልስ አጣሁ። ፈጣሪ አስቦ እንደሠራው የሚያሳይ፣ ሳይንስ ሊያስረዳው ያልቻለ ነገር ይስጡኝ። ጥርጣሬ ስለገባኝ ቅዳሴ መቆምም ከብዶኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሥነ ፍጥረትን ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረሽዋልና ወደ ስድስቱ ዕለታት ዝርዝር አልገባም። እኔን ያሳሰበኝ «ሳይንስ ሊያስረዳው ያልቻለ ነገር ይስጡኝ» ያልሽው ነው። ይህን ከብዙ ወጣቶች ሰምቻለሁ። ሳይንስ መልስ ሲያጣ ደስ ይላቸዋል፤ ሲያገኝ ደግሞ ይደነግጣሉ። እግዚአብሔርን እኛ ባላወቅነው ቦታ ብቻ እየፈለግነው ከሆነ፣ ዕውቀት በጨመረ ቁጥር ቦታ እናሳጣዋለን።

ታላቁ ኒውተን እንኳ እዚህ ላይ ተሰናክሏል። የፕላኔቶች ጉዞ ቀስ በቀስ ስለሚዛባ አንድ ቀን ፈጣሪ ገብቶ ማስተካከል ይኖርበታል ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1785 ግን ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ላፕላስ የጁፒተርና የሳተርን ጉዞ ለምን የተዛባ እንደሚመስል በዚያው በኒውተን የስበት ሕግ አስልቶ አሳየ። እምነቱን በዚያ መዛባት ላይ ያቆመ ሰው ምን ይዋጠው?

የክረምቱን ዝናብ ተመልከቺ። እርጥበቱን ነፋስ ከአትላንቲክና ከህንድ ውቅያኖስ እንደሚያመጣው እናውቃለን። ሜትሮሎጂም ይተነብያል። ሆኖም ሐምሌ ላይ ሰማዩ ሲጠራ ገበሬው እግዚኦ ይላል፤ እኛም በቅዳሴ ስለ ዝናብ እንለምናለን። የደመናው አመጣጥ ስለጠፋን አይደለም። ኢዮብ 36፥27ን ክፈቺ። ውኃው ወደ ላይ እንደሚሳብና ዝናብ ሆኖ እንደሚወርድ ይናገራል፤ የሚስበውም እግዚአብሔር ነው ይላል። መንገዱ ስለታወቀ ሠሪው አልቀረም።

አጋጣሚም ቢሆን እግዚአብሔርን የሚገዳደር ሌላ ኃይል አይደለም። ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው። ዕጣ ይጣላል፣ ውሳኔው ግን ከእግዚአብሔር ነው ይላል ምሳሌ 16፥33። ጓደኛሽ «በአጋጣሚ» ስትል «ማንም ሊተነብየው አይችልም» ማለቷ ከሆነ ስለ እኛ አቅም እየተናገረች ነው። «ፈጣሪ የለበትም» ማለቷ ከሆነ ግን ከሳይንሱ ወጥታለች። ያንን የሚለካ መሣሪያ የለም።

ቢግ ባንግንም የከሃዲዎች ፈጠራ አድርገሽ አትፍሪው። ሐሳቡን ካነሡት ቀዳሚዎች አንዱ ቤልጂየማዊው ጆርጅ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ጽንፈ ዓለሙ እየሰፋ ነው ብሎ ጻፈ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉ ከአንድ እጅግ የታመቀ ነገር እንደተነሣ ሐሳብ አቀረበ። በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ ለሜትር አልተደሰተም። ስሌቱ የእምነት ማስረጃ ተደርጎ እንዲቀርብ አልፈለገም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ባይሆንም ይህን ጥንቃቄውን አከብራለሁ።

ደግሞስ በክርክሩ ብትረቻትና «እሺ፣ አንድ ንድፍ አውጪ አለ» ብትልሽ ምን አተረፍሽ? ቤት ሠርቶ ቁልፍ አስረክቦ እንደሄደ መሐንዲስ ያለ አምላክ ክርስቲያን አያደርጋትም። እኛ የምናመልከው «ሁሉ በእርሱ ሆነ» የተባለለትን ቃል ነው፤ እርሱም ሥጋ ሆነ። «አባቴ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ እኔም ደግሞ እሠራለሁ» ያለው እርሱ ነው። ዓለም አሁንም፣ አንቺ ይህን በምታነቢበት ሰዓት፣ በእርሱ ተይዞ ቆሟል። ሐዋርያው ዓለሞች በእግዚአብሔር ቃል እንደተዘጋጁ «በእምነት እናስተውላለን» ያለው ለዚህ ነው (ዕብ. 11፥3)። እምነት ያለው ሰው ማስተዋሉን አይጥልም፤ ማስተዋልም ለብቻው እዚያ አያደርስም።

ስለ ቅዳሴው ግን ጠንከር ብዬ ልንገርሽ። ጥርጣሬ ስለመጣብሽ መቅረት የለብሽም። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለውን አባት ጌታ አላባረረውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪ። የፊዚክስ ትምህርትሽንም በርትተሽ ተማሪ፣ ፈተናሽንም በደንብ ሥሪ። ከጓደኛሽ ጋር ሙግቱን ለጊዜው ተዪውና ወዳጅነቷን ያዢ። ስትጠይቅሽ የምታውቂውን መልሺላት፤ የማታውቂውን አላውቅም በያት። በመጪው እሑድ ግን ኪዳን ሳያመልጥሽ ተገኚ።