«ጸሎት ይሰማል»፦ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የአጥቢያችንን የመዝሙር መጽሐፍ ታሪክ እንድጽፍ፣ መዝሙሮቹንም በኮምፒውተር እንድለቅም ተመድቤያለሁ። መጽሐፉ ሲጀመር በእጅ የተጻፈ ደብተር ነበር። በኋላ በስቴንስል የተባዛ ጥራዝ ሆነ። አንድ መዝሙር ላይ መስማማት አቃተን። ስንኙ እንዲህ ይላል፦

አባታችን ቅርብ ነው፣ ጸሎት ይሰማል፤
የደከመውን ልብ፣ እርሱ ያሳርፋል።

ሽማግሌዎቹ «ይሰማል»ን አላልተው ይዘምሩታል። ወጣቶቹ አሁን ምቱን ስላፈጠኑት አጥብቀው ይሉታል። አንድ ወንድም ደግሞ «‹ን› ጎድሎት ነው፤ ‹ጸሎትን ይሰማል› ብለሽ አርሚው» አለኝ። ላርመው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይንኩት። ስንኙ ምንም አልጎደለውም።

ከ«ን» ልጀምር። ብዙ ሰው ተሳቢ ሁሉ «ን» የግድ ይፈልጋል ብሎ ያምናል። እንዲህ አይደለም። «ውሃ ይጠጣል»፣ «መጽሐፍ ያነባል» ስንል ማንም አያርመንም። «ን» የግድ የሚሆነው ተሳቢው የታወቀ ሲሆን ነው፤ «ጸሎቴን ሰማ»፣ «ውሃውን ጠጣ» እንደምንለው። እዚህ ግን የተባለው ስለ ጸሎት በጠቅላላው ነው። «ጸሎትን» ማለትም ትክክል ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስም ይህን አጻጻፍ ይወዳል። የግድ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ዜማው ነው። እስቲ ቀስ ብለው ይቁጠሩት። «አ-ባ-ታ-ችን-ቅርብ-ነው» 6 ቀለም ነው። «ጸ-ሎት-ይ-ሰ-ማል» 5። ወደ ታች ይውረዱ፦ «የ-ደ-ከ-መ-ውን-ልብ» 6፣ «እር-ሱ-ያ-ሳር-ፋል» 5። ገጣሚው ማንም ይሁን ማን ጆሮው አልሳተም። «ጸሎትን» ካሉ ግን የመጀመሪያው መስመር ቀኝ እጅ 6 ይሆንና ከታችኛው ጋር መመጣጠኑ ይቀራል። ዘማሪው ወይ ይቸኩላል፣ ወይ አንዱን ቀለም ይውጠዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። «ይሰማል» ሲላላ ሰሚው አባት ነው። ሲጠብቅ፣ ማለትም «ሰ»ም «ማ»ም ሲጠብቁ፣ ጸሎቱ ራሱ ባለቤት ይሆናል፤ ማን እንደሰማው ግን አይነገርም። የሚጠብቀው ቃል የመጣው ከ«ተሰማ» ነው። «ተ» ወደ «ይ» ስንሻገር ትጠፋለች፣ ምልክቷን ግን «ሰ» ላይ ጥላ ትሄዳለች፤ «ሰ» የሚጠብቀው ለዚህ ነው። «ይሰጣል» እና «ይበላል»ም እንዲሁ ናቸው። ስንናገር ፈጽሞ አንሳሳትባቸውም፣ ፊደላችን ግን ልዩነቱን አያሳይም።

ታዲያ የትኛው ነው? መልሱ ስንኙ ውስጥ አለ። ከፊት «አባታችን» አለ። ከታች «እርሱ ያሳርፋል» የሚል አለ። በሁለቱ መካከል ባለቤቱን ወደ ጸሎት ማዞር ሐሳቡን ይቆርጠዋል። ቅርብ የሆነው፣ የሚሰማውና የሚያሳርፈው አንድ አካል ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ትክክል ናቸው፣ ይላላል። ወጣቶቹ የሚሉትም በአማርኛ ስህተት የለበትም፤ «ጸሎት በሰማይ ይሰማል» ቢል ኖሮ ማጥበቁን እኔም እመርጥ ነበር። እዚህ ግን «አባታችን»ን ተከታይ የሌለው ያደርገዋል፤ ያ ያሳዝነኛል።

ይህ ጣጣ በእናንተ አጥቢያ ብቻ የመጣ አይደለም፣ ከመጻሕፍቱ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የፊንላንድ የጴንጤቆስጤ ሚስዮናውያን በ1943 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የስዊድኖቹ ተከተሉና ሐዋሳ ላይ ሠሩ። ተማሪዎች የበዙበት የወጣቶች እንቅስቃሴ ሲፋፋም ከእንቅስቃሴው የተወለደችው የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ጠይቃ ተከለከለች። አምልኮው ወደየቤቱ ገባ። በደርግ ዘመንም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ተስፋዬ ጋቢሶን የመሰለ ዘማሪ 7 ዓመት ታሰረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ መዝሙር የሚኖረው በቃል፣ በደብተርና በካሴት ነው። መጽሐፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ግጥሙን ብቻ ይዞ ነው። ኖታ የለውም። የሚጠብቀውና የሚላላው በዘማሪው ጆሮ ተቀምጧል። ዜማውን የሚያውቅ ትውልድ እስካለ ድረስ ችግር የለም። ምቱ ሲፈጥን ወይም አዲስ ሰው ከወረቀት ሲያነብ ግን ቃሉ ይንሸራተታል።

ከፊደል በላይ ምልክት ማኖር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ድጓውን፣ ማለትም የዜማ መጽሐፋቸውን፣ የሚያዜሙት ከቃሉ በላይ በደቃቁ በተጻፉ ምልክቶች ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት እያሉ ይጠሯቸዋል። እነዚያ የዜማ ምልክቶች ናቸው፣ የጥብቀት አይደሉም። ሐሳቡ ግን ይጠቅመናል። ለጥብቀት የሰዋስው መጻሕፍት ነጥብ ከፊደሉ በላይ ያደርጋሉ። እርስዎም እንደዚያ ያድርጉ፣ ግን በየቃሉ አይደለም፤ ገጹ በነጥብ ከተሞላ ማንም አያነበውም። ሁለት ንባብ ያለው ቃል ሲያጋጥም ብቻ ምልክት ያድርጉ። «ይሰማል» እዚህ ስለሚላላ ነጥብ አይገባውም፤ ስለዚህ ከገጹ ግርጌ «ላልቶ ይነበባል» ብለው በትንሹ ይጻፉ።

ሽማግሌዎቹን ደግሞ አሁኑኑ በስልክ ይቅዷቸው። መዝሙሩን ብቻ ሳይሆን ቃሉን ያለ ዜማ ሲናገሩትም ይቅዱ፤ ዜማ ሲለጠጥ መጥበቁና መላላቱ አንዳንዴ ይደበቃል። ደብተሩን የጻፈው ማን እንደሆነ፣ ከደብተሩ ወደ ስቴንስል ሲገለበጥ ምን እንደተለወጠ፣ ምቱ መቼ እንደፈጠነ ይጠይቁ። እንዲህ ያለው ነገር በታሪኩ ምዕራፍ ውስጥ ቦታ ይገባዋል፤ እኔ ብሆን ከመሪዎች ስም ዝርዝር አስቀድመዋለሁ።

ስለ ማውጫውም አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ስንኝ ፊደል ተራ የሚያዘጋጁት ከሆነ «ሃሌሉያ» እና «ሀሌሉያ» ተለያይተው እንዳይቀመጡ አንዱን ይምረጡ። «ሰ» እና «ሠ»ም ላይ እንደዚሁ። በመዝሙሩ ገጽ ላይ ግን የደብተሩን አጻጻፍ እንዳለ ይተዉት።