መልስ፦ የአሜሪካ መኪና ተሻሽሏል ወይ?

ወንድሜ፣ «የአሜሪካ መኪና ጥራቱ የጃፓኑን ደርሷል ወይ?» ላልከው፣ በጣም ተሻሽሏል፤ በአስተማማኝነት ግን ገና ይቀረዋል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጣውን ሼቭሮሌት ቬጋ የተባለ የአሜሪካ መኪና በጥቂት ዓመት ውስጥ ዝገት ይበላው ነበር። አሜሪካኖቹን ያነቃቸው የጃፓኖቹ ፉክክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስና የጃፓኑ ቶዮታ ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ላይ በጋራ መኪና ማምረት ጀመሩ። እዚያ ሠራተኛው ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ የመገጣጠሚያ መስመሩን ያስቆም ነበር። በፊት ግን በአሜሪካኖቹ ፋብሪካ መስመሩ እንዳይቆም ሲባል መኪናው ከነጉድለቱ ያልፍ ነበር። ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው! ደግሞ «የጃፓን» የምንለው የቶዮታ ካምሪ ራሱ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ይገጣጠማል። ያገለገለ ልትገዛ ከሆነ በስሙ ብቻ አትወስን። የሰርቪስ ታሪኩን እይ። ካምቢዮው ሲቀይር ይነጥር እንደሆነ ነድተህ ሞክር። ሊፍት ላይ አስወጥተህም ሥሩን ለመካኒክ አሳይ።