ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ለምትቀዱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ የአያቶቻችሁን ሸክላ ከሣጥን እያወጣችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትቀዱ ሳይ ልቤ ይሞቃል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በድምፅ ሥራ ነው። አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ፤ ስትቀዱ ድምፁን ለማጉላት አትቸኩሉ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የአባቱን ሸክላዎች በፌስታል ይዞ መጣ። ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ባለ 45 ነበሩ፤ በየፊታቸው አንድ አንድ ዘፈን ያለባቸው። የዚያን ቀን ሥራ በዝቶብኛል። አንደኛው ዘፈን ሲጀምር ኦርጋንና ጊታር ብቻ ስለነበር ድምፁ አነሰብኝ። ሌቭሉን፣ ማለትም የሚቀዳውን የድምፅ መጠን፣ ከፍ አደረግኩና ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ አልቋል። ማታ በማዳመጫ ስሰማው ሳክስፎኑና ትራምፔቱ የገቡበት ቦታ ሁሉ ይሻክራል። ሰውየው ጋ ደውዬ «ሸክላውን መልስልኝ፣ እንደገና ልቅዳው» አልኩት። ቤት ሲቀይር ጠፍቶበታል። የአባቱ ዘፈን እኔ ባበላሸሁት መልክ ቀረ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የድሮው ቴፕ ትንሽ ቢጮኽበትም ይችላል፤ ድምፁ የሚበላሸው ቀስ በቀስ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል ዜሮ የሚለው ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ የሚጽፈው ቁጥር የለውም። የድምፁ ሞገድ ጣሪያውን ሲነካ ጫፉ ይቆረጣል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ አቅርባችሁ ብታዩት፣ ክብ መሆን የነበረበት ጫፍ በምላጭ እንደተላጨ ጠፍጣፋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያ የፈሰሰ ውኃ ነው፤ አይታፈስም። አነስ ብሎ የተቀዳውን ግን በኋላ ከፍ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው።

«በኋላ ከፍ ሳደርገው ሹሹታውም አብሮ አይጎላም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሹሹታው በአብዛኛው ከሸክላው ከራሱ ነው የሚመጣው። በጣም ጥሩ ሸክላ እንኳ ከሹሹታው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ያለው ርቀት 70 ዴሲቤል ገደማ ነው። በየቤቱ ሲዞር የኖረው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 16 ቢት ቅጂ ግን (ቢቱ ኮምፒውተሩ ድምፁን ምን ያህል አጥርቶ እንደሚጽፍ ነው) 96 ዴሲቤል ይይዛል፤ 24 ቢት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በ24 ቢት ቅዱ፤ ትልቁ ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። 10 ላይ ቢቆምም አትጨነቁ፤ ከሸክላው ምንም አታጡም።

መጀመሪያ ዘፈኑን እስከመጨረሻው ስሙት። የት ነው በጣም የሚጮኸው? አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ካቋቋመ ወዲህ በወጡት የአገራችን ሸክላዎች፣ ብዙ ጊዜ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንድ ላይ የሚገቡበት ቦታ ነው። መርፌውን እዚያ አስቀምጡና ሌቭሉን በዚያ አስተካክሉ። ከዚያ እጃችሁን አንሡ። መቅዳት ከጀመራችሁ በኋላ ወደላይ ወደታች አትበሉት፤ ዘፋኙ ሆን ብሎ ዝግ ያለበትን ቦታ ታጠፉበታላችሁ። ሸክላውን ስትገለብጡም እንደገና ለኩ፤ ሁለቱ ፊቶች እኩል አይጮኹም። ጭረት ላይ ቀጭ ሲል የሜትሩ ቀይ ምልክት ብልጭ ቢል ግን አትደንግጡ። ያ ጭረቱ ነው፣ ዘፈኑ አይደለም።

ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት ግን ከዚህም በፊት፣ ሲሰኩ ነው። ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ሸክላው ሲታተም ቤዙ ሆን ተብሎ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው። ደካማውን ድምፅ አጉልቶ ይህን ወደ ቦታው የሚመልሰው የፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። ማጫወቻችሁ ውስጡ ከሌለው የግድ ግዙ። ከፕሪአምፑ የሚመጣውን ኬብል ላይን ኢን በሚባለው የኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። የማይክ ቀዳዳ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ ብዙውን ጊዜም ሞኖ ነው፤ ግራና ቀኙን ለይቶ አይቀዳም። ኮምፒውተሩ ሌቭሉን በራሱ የሚያስተካክልበት ነገር ካለው አጥፉት፤ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ማይክ ቦስትንም እንዲሁ። ዝም ብሎ እም የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ የማጫወቻውን የግራውንድ ሽቦ ከፕሪአምፑ ጋር እሰሩት።

አንድ ተንኮለኛ ነገር አለ። ሜትሩ ቀይ ሳይነካ፣ ከዜሮ በታች 5 ላይ ሆኖ እንኳ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነበት ጊዜ ያጋጥማል። ይህ ማለት ድምፁ ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ ፕሪአምፑ ወይም ሚክሰሩ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። የኮምፒውተሩን ሌቭል ብትቀንሱት የተቆረጠውን አሳነሳችሁት እንጂ አላዳናችሁትም። ወደኋላ ሄዳችሁ ከምንጩ ቀንሱ።

ቀድታችሁ ስትጨርሱ ጥሬውን ፋይል ከድምፁ ምንም በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዌቭ ወይም በፍላክ፣ ለብቻው አስቀምጡ። ጭረት ማጥፋቱንም ማጉላቱንም በሌላ ቅጂ ላይ ሥሩ። ሸክላውን ወደ ከረጢቱ ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ሁለቱንም ፊት። የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ የሸክላው ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ፎቶውን ከፋይሉ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱት።