ስለ ሐምራዊው ብሮኮሊ ጠይቁኝ

ሰላም ጎረቤቶች። ደሴ፣ ሳላይሽ ነው ያለሁት። በጓሮዬ ሐምራዊ ብሮኮሊ፣ ያ እንቡጡ የሚበላው የጎመን ዘመድ፣ ከዘር ማብቀል ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። መንገድ ላይ እያስቆማችሁ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ እዚሁ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ጎመን ወይ ጥቅል ጎመን የነበረበት መደብ ላይ አትትከሉት!

የሆጤዋ፦ ጋሼ፣ መቼ ልዝራ? ፓኬቱ ኤፕሪል ይላል።

መልስ፦ ጎሽ እታለም፣ ዋናውን ጠየቅሽ። ፓኬቱ የተጻፈው ለአውሮፓ ነው። ይሄ ተክል ብርድ ካልቀመሰ እንቡጥ አያወጣም። ብርዱ ለጋ ችግኝ ላይ ቢመጣም ዋጋ የለውም፤ ግንዱ ጠንክሮ፣ ቅጠሉ ተንዠርግጎ ነው ሊያገኘው የሚገባ። ደሴ ብርዱ የሚከረው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሪ። እኔ ግንቦት መጨረሻ ላይ በእንቁላል ካርቶን፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብቼ ዘራሁ። በሳምንት ገደማ በቀለ። ስንዝር ሊሞላ ሲል በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት አዛወርኩት። ስትተክዪ አፈሩን በተረከዝሽ እርገጪው። ከዚያ የአንዱን ቅጠል ጫፍ ይዘሽ ሳብ አድርጊ። ቅጠሉ ከተቀደደ ጥሩ፤ ችግኙ ተነቅሎ ከመጣ ገና አልረገጥሽም። የቶሳ ተራራ ንፋስ ላልቶ የተተከለ አይምርም። የመጀመሪያዋን ሐምራዊ እንቡጥ ያየሁት ጥር ላይ ነው። ስምንት ወር!

የኮምቦልቻው፦ እኛስ?

መልስ፦ እናንተ ዝቅ ያለ ቦታ ናችሁ፣ ይሞቃል። ብርድ የማይጠይቅ ዓይነት አለ፣ እሱን ፈልግ። የእኛን ብትዘራ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ብቻ ነው የምትበላው።

የፒያሳው፦ ሀበሻ ጎመን እያለ ስምንት ወር የምጠብቀው ምን በወጣኝ?

የኮምቦልቻው፦ ደሴዎች ጭራሽ በብርዳችሁም ልትኮሩ ነው?

የፒያሳው፦ ሙቀቱ ሲያማርራችሁ እኛ ጋ አይደል የምትወጡት!

መልስ፦ እረፉ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

የጢጣው፦ ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ቅጠል? የታችኛው? የላይኛው? ውሃ ይተኛበታል? ኧረ ወንድሜ፣ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም! አንዱን ነቅለህ ሥሩን እይ። እንደ ዝንጅብል አብጦ ካገኘኸው ጎመን የነበረበት ላይ ተክለሃል ማለት ነው። ብያለሁ። በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል፤ የጎመን ዘመድ የሆነ ሁሉ ለዓመታት እዚያ አይተከልም።

የሰኞ ገበያዋ፦ ትልና ክሽክሽ ጨረሰኝ።

መልስ፦ ትሉን በጠዋት ቅጠሉን ገልብጠሽ በእጅሽ ልቀሚ። ክሽክሹን በሳሙና ውሃ እጠቢ።

የሆጤዋ፦ ለስኳር በሽታ ጥሩ ነው ይላሉ?

መልስ፦ ሐኪም ጠይቂ።

የዳውዶው፦ ዘሩ የት ይገኛል?

መልስ፦ ለእኔ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የላከልኝ። ገበያ ላይ አላየሁም።

የሰኞ ገበያዋ፦ ስቀቅለው አረንጓዴ ሆነብኝ። ቀለም ቀብተውት ነው እንዴ?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ማንም አልቀባውም። ሐምራዊው ቀለም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ አረንጓዴው ይቀራል። ብዙ አትቀቅዪው።

የጢጣው፦ የመሃሉን ራስ ልጄ ቆረጠው። አለቀልኝ?

መልስ፦ ልጅህ ካንተ ይሻላል! መቆረጥ ያለበት እሱ ነው። ራሱ ሲነሳ ጉልበቱ ወደ ጎን ይሄድና ጣት ጣት የሚያህል ቡቃያ ከየብብቱ ይወጣል። ቢጫ አበባ ሳይፈነዳ በየሁለት ሦስት ቀኑ ቁረጥ። በቆረጥከው ቁጥር ሌላ ይሰጥሃል። ካበበ ግን ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ያቆማል።

የፒያሳው፦ አበባውን ትቼ ዘር ብይዝስ? ከሀበሻ ጎመኔ ጋር ይዳቀላል ብለውኛል።

የኮምቦልቻው፦ ስምንት ወር አልጠብቅም ያልከው አንተ አይደለህ?

መልስ፦ ተወው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚዳቀለው ከጥቅል ጎመንና ከአበባ ጎመን ጋር ነው፤ አንድ ዝርያ ናቸው። ሀበሻ ጎመን ዘመድ ቢሆንም ሌላ ዝርያ ነው። ፓኬቱ ላይ ዲቃላ ከተባለ ግን ዘር አትያዝ፤ የሚወጣው እናቱን አይመስልም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ። ዘሩ የት ይገኛል? ደግሞ ጥቅል ጎመን የነቀልኩበት መደብ ባዶ ነው። እዚያ ልትከለው?

መልስ፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ። ከመጀመሪያው መስመር።